ስለ አሉሚኒየም ማቅለጥና ስለ መለየት ሥራ

አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብረታ ብረት ወገን ሁሉ በብዛቱ ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፥ ከኦክሲጅን ጋር ያለው ተዋሕዶ እጅግ የጸና በመሆኑ፥ ብረትንና መዳብን በከሰል እሳት እያነጠረ ሺሕ ዘመናት የኖረው የሰው ልጅ ይህን ማዕድን ለብቻው ለይቶ ሊያየው የቻለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፥ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፥ አሉሚና የተባለው ነጭ ዱቄት በቀለጠ ክሪዮላይት ውስጥ ጨው በውኃ እንደሚሟሟ መሟሟቱን ደርሰውበት፥ ብቻውን ቢሆን ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ የሚሻውን ነገር በ960 ዲግሪ ገደማ በኤሌክትሪክ ሊለያዩት ቻሉ።

ጥበቡ ግን ዛሬም ብዙ ይበላል። ለአንድ ቶን አሉሚኒየም አራት ቶን ያህል ቦክሳይት ይቈፈራል፤ ከርሱም ሁለት ቶን ያህል ዱቄት ይወጣል፤ ዱቄቱ በኤሌክትሪክ በሚለያይበት ገንዳ ውስጥ ከ400 ኪሎ በላይ ካርቦን ተቃጥሎ ያልቃል፤ ወደ 14,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክም ይፈስሳል፤ ይህም ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ነው፥ ኀይሉ ለብዙ ሰዓት ቢጠፋ በገንዳው ያለው ሁሉ ይረጋልና። ጋና የቮልታን ወንዝ ስትገድብ ዋናው ደንበኛ እንዲሆን የታሰበው በቴማ የተተከለው የአሉሚኒየም ፋብሪካ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ለተመረቀው ለአኮሶምቦ ግድብ 80,000 ያህል ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ፤ ነገር ግን የአገሩ ቦክሳይት ጥሬውን ወደ ውጭ ሲላክ፥ ፋብሪካው አሉሚናውን ከባሕር ማዶ ያስመጣ ነበር። ከሙያው ታሪክ ይህን ያህል የሚያሳዝነኝ የለም።

ይህን ማውሳቴ፥ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ከምናለሽ ተራ ተጭኖ ወደ ማቅለጫ ቤታችን የሚመጣው ያረጀ ድስት፥ የተሰበረ ፒስተንና የተቈረጠ ሽቦ ያን ሁሉ ኀይል በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣልና፥ እንደ ገና ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ኀይል ከአዲሱ ማምረቻ ከመቶው አምስት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም ቀጭኑ ቆርቆሮ በግልጽ ነበልባል ሲነካ ወደ ቀድሞ ተዋሕዶው ይመለሳል፤ ከላይ የሚንሳፈፈውና ተጠርጎ የሚጣለው ግራጫ ነገር በብዙ ኤሌክትሪክ የተለየ አሉሚኒየም ነበር። ስለዚህ ቀጭኑ ተጠቅጥቆ ታስሮ፥ ቀድሞ በቀለጠው ውስጥ ሊሰጥም ይገባል፤ እርጥብ ከሆነ ግን ይፈነዳልና አስቀድሞ ይድረቅ።

ከመቃጠሉም የከፋው መደባለቁ ነው። ከሞተር ጋር የገባ የብረት ብሎን በዚያ ሙቀት ባይቀልጥም ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ሲረጋም ውስጡ መርፌ መሳይ ቅንጣት ሆኖ ሥራውን ተሰባሪ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ የሟሟውን ብረት በአነስተኛ ማቅለጫ ለይቶ የሚያወጣ መድኀኒት የለንም፤ ያለን መፍትሔ ንጹሕ አሉሚኒየም ጨምሮ ማሳሳት ነው፥ ያም ንጹሕ አሉሚኒየም ከግድብና ከቦክሳይት ጕድጓድ የሚመጣው ነው። እርሳስ የነካው ቍርጥራጭ ደግሞ ለድስት ሥራ ከዋለ መርዙ ከምግቡ ጋር ወደ ሰው ሆድ ይገባል፤ ይህንንም ያለ ማጋነን እናገራለሁ።

ስለዚህ የኛ ሙያ እውቀት ከእቶኑ ይልቅ በቈራሌዎችና በለቃሚዎች እጅ ነው ብል ከልቤ ነው። ማግኔት እያስጠጉ፥ ክብደቱን በመዳፋቸው እየመዘኑ፥ ስብራቱን እያዩ፥ ሲሊከን የበዛበትን ፒስተን ንጹሕ ከሆነው የመብራት ሽቦ ይለያሉ። እኔ በምሠራበት ቤት ተለይቶና ብሎኑ ወልቆ ለመጣ ጭነት ከተደባለቀው የሚበልጥ ዋጋ እንዲከፈል አሳስቤ ተፈቅዷል። ብልጫው ግን ለልፋቱ ገና የማይመጥን በመሆኑ፥ ለመፍታት ግማሽ ቀን የሚፈጀው የሞተር አካል አሁንም ብረቱን እንደ ያዘ ይመጣል፤ ዋጋው እንደ ገና እንዲታይም ጠይቄአለሁ።