ሣርም ሙቀቱ ይለካል

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ቴርሞሜትር ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም። አፈር ውስጥም እንደሚሰካ ያወቅሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ ሚኒሶታ በሄድኩ ጊዜ ነው።

ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነበር። ፋሲካ መጋቢት 30 ቀን ዋለ። የፆም መፍቻው ዶሮ ገና ሳይረሳ፣ በሳምንቱ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ድረስ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከ35 ሴንቲ ሜትር በላይ በረዶ ወረደ። በእነርሱ አገር ያ ወቅት ፀደይ ነው፤ ዛፍ የሚያቆጠቁጥበት፣ ልጆች ውጭ ወጥተው የሚቦርቁበት። በዚያ ዓመት ግን ብርዱ አልለቅም አለ።

ልጄ የሚሠራው በአንድ የጎልፍ ሜዳ ሣር ተንከባካቢ ሆኖ ነው። የሚከፈለው በሰዓት ነው። ሜዳው ካልተከፈተ ሥራ የለም፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ብርድ ነው ብሎ አይቆይም። አንድ ማታ ራቱን እንኳ በቅጡ ሳይበላ፣ «እማዬ፣ ማዳበሪያ በደንብ ብንበትንበት ሜዳው ቶሎ አረንጓዴ ይሆን ነበር። አለቃችን ግን እምቢ አለ» አለኝ።

በማግስቱ እኔንና የስምንት ዓመት የልጅ ልጄን ሜዳውን ሊያሳየን ወሰደን። ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ያለበትን ቦታ «ግሪን» ይሉታል። በደህናው ጊዜ ሣሩ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲቀር ተደርጎ ይታጨዳል። አለቅየው፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ተንበርክኮ ቴርሞሜትሩን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ሰካና 6 ዲግሪ አነበበ። የዚያ አገር ሣር ሥሩ በደንብ የሚያድገው አፈሩ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ቅጠሉ ደግሞ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ይፈልጋል። አፈሩ ሳይሞቅ ናይትሮጅን ቢያበዙበት፣ ሣሩ ያጠራቀመውን ጉልበት ሁሉ ወደ ቅጠል ይሰድና ሥሩ ይቀጭጫል።

ይህን ሲነግረኝ የሥራ ዘመኔ ትዝ አለኝ። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሲመጣልን፣ እናቱ «አብሉልኝ» እያለች ብታለቅስም ወዲያው አናጠግበውም ነበር። መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለውን ወተት በጥቂት በጥቂቱ እንሰጠዋለን፤ ወደ ኤፍ-100 የምናሸጋግረው ሰውነቱ ሲረጋጋ ነው። የተዳከመ ሰውነት ብዙ ምግብ በአንዴ ሲገባበት ሊሞት ይችላል።

እኛ ስናወራ የልጅ ልጄ ሣሩ ላይ ሊሮጥ ሲል አለቅየው ጮኾ አስቆመው። ሌሊቱን ውርጭ አድሮበት ነበር። ውርጭ የያዘው ቅጠል ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚረጋ፣ ሲረገጥ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ልጁ የረገጣቸው ሦስት አራት ቦታዎች በኋላ ቡናማ ዱካ ሆነው ታዩ። በደብረ ብርሃን በኩል ውርጭ ባቄላ ሲያቃጥል ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም።

በዚያ ወር ሠራተኞቹ የሠሩት ሥራ ጥቂት ይመስላል። ውርጩ እስኪቀልጥ ተጫዋች አያስገቡም። ማጨጃውን ከወትሮው ከፍ አድርገው፣ ሣሩ ሲደርቅ ብቻ ያጭዳሉ። በረዶው ሲነሣ ክብ ክብ እየሆነ የታየውን ግራጫና ሮዝ ሻጋታ፣ አየር እንዲያገኝ በቀስታ ይቧጥጡታል። አፈሩን ለማናፈስ የሚበሱትን ቀዳዳ ደግሞ ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ በብርድ ጊዜ የሣር ቁስል ቶሎ አይሽርም።

ልጄ ግን አላስቻለውም። በሥራ ቦታው የተከለከለውን በራሱ ግቢ አደረገው፤ ማዳበሪያውን አብዝቶ በተነ። ግንቦት ሲገባ የእርሱ ሣር ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ አረንጓዴ ሆነ፤ ጎረቤቱም አደነቀ። ከዚያ አየሩ በአንዴ ተገለበጠ። ግንቦት 20 ቀን ሚኒያፖሊስ ወደ 38 ዲግሪ ሞቀች። በዚያ ሳምንት የግቢው ሣር ተቃጠለ። አንድ ጭብጥ ስነቅል ሥሩ ከጥፍር አይበልጥም። የጎልፍ ሜዳው ሣር ግን ቆሞ ነበር። ልጄ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው» አለ። የሥራ ሰዓቱም በዚያው ሰሞን ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ወላጆችና አያቶች፣ የእኛ ሰርዶ ሙቀት የሚወድ ዘር ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል። በደጋ የምትኖሩ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ፀሐይ እስክታቀልጠው ልጆችን ከሣሩ አርቁ። ሣሩ በብርድ ሲደበዝዝ ሞተ ብላችሁ ማዳበሪያ አትጫኑበት፤ ሙቀቱ ሲመለስ በጥቂቱ ስጡት።

ከሣሩ ይልቅ ለልጆቹ እንሳሳ። ማዳበሪያ በተበተነበት ቀን ውኃ ጠጥቶ እስኪሰርግ፣ የአረም መድኃኒት ከተረጨ ደግሞ ቢያንስ እስኪደርቅና በዕቃው ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ ልጅ አይግባበት። ከግቢ ሲመለሱ ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የተረፈውን ኬሚካል በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ለስላሳ መስሎት የጠጣውን መርዝ ለማዳን ስንሯሯጥ ያደርንበትን ሌሊት አልረሳም።

ልጄ አሁንም በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ ይደውልልኛል። ከጤናዬ ቀጥሎ የምንነጋገረው ስለ አፈሩ ሙቀት ነው። በግቢያቸው ቴርሞሜትሩን የሚሰካው የልጅ ልጄ ነው፤ አሥር ሳይሞላ አባቱን ማዳበሪያ አያስነካውም።