የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሥርዓተ ትምህርት ከልጆቻችን ምን ይፈልጋል?

ከውርጌሳ በመርሳ በኩል እስከ ወልድያ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች፣ ልጆቻቸው 7ኛ ክፍል ሲገቡ ይዘዋቸው የሚመጡት መጻሕፍት እነርሱ ከተማሩባቸው የተለዩ ሆነው ያገኟቸዋል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በየራሳቸው መጽሐፍ አይሰጡም፤ «አጠቃላይ ሳይንስ» በሚል አንድ ትምህርት ተጠቃለዋል። የክወናና የዕይታ ጥበብ፣ የሙያና ቴክኒክ፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ እንዲሁም የዜግነት ትምህርት ከሒሳብና ከቋንቋ ጎን ተሰልፈዋል። «ልጄ ሥዕልና መዝሙር ተምሮ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ ወግ ነው። መልሱ ልጁ በትምህርት ገበታው ላይ ይቆይ ወይስ ይቅር ከሚለው ውሳኔ ጋር ስለሚያያዝ፣ ለውጡን በቅጡ ማወቅ ለአርሶ አደሩም ለከተማው ነዋሪም ይጠቅማል።

«መካከለኛ ደረጃ» እንዴት ተመለሰ?

በንጉሡና በደርግ ዘመን የተማሩ አባቶችና እናቶች «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» የሚለውን ስም ያስታውሱታል። ያን ጊዜ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን አደረጃጀት ቀይሮ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለውን በሙሉ አንደኛ ደረጃ አደረገው፤ የመጀመሪያው ሳይክል ከ1ኛ እስከ 4ኛ፣ ሁለተኛው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የተጠናው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ወደ ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት ክፍፍል መመለስን አመለከተ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም በ2015 ዓ.ም. በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህም መሠረት 7ኛና 8ኛ ክፍል «መካከለኛ ደረጃ» ተብለው ራሳቸውን ችለው ቆሙ። በወቅቱ ትምህርቱን የጀመረ ልጅ በዚህ ደረጃ ላይ የ13 እና የ14 ዓመት ታዳጊ ይሆናል።

ይህ ዕድሜ ለብቻው መታየቱ ምክንያት አለው። ታዳጊው አካሉ በፍጥነት ይለወጣል፤ የጓደኞቹ አስተያየት ይከብደዋል፤ የተነገረውን ከመቀበል ይልቅ «ለምን?» ማለት ይጀምራል። በገጠሩ ደግሞ በዚሁ ዕድሜ የእርሻና የቤት ሥራ በትከሻው ላይ ይወድቃል፤ ሴት ልጅ ለጋብቻ ትታጫለች፤ ወንዱም ሴቷም ወደ ዐረብ ሀገር ስለሚሄዱት ታላላቆቻቸው ማሰብ ይጀምራሉ። ትምህርቱ ለዚህ ታዳጊ ትርጉም ካልሰጠው ከደጅ የሚጠራው ሌላ ነገር ብዙ ነው።

ሁለንተናዊ ትምህርት ሲባል

የሥርዓተ ትምህርቱ ዐቢይ ሐሳብ ልጁ በአእምሮው፣ በእጁና በምግባሩ አብሮ ይደግ የሚል ነው። በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች የተጀመረው ግብረ ገብ በመካከለኛ ደረጃ ወደ ዜግነት ትምህርት ያድጋል። ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ከሩጫና ከኳስ ባሻገር የራስን ጤና መጠበቅን ያስተምራል። ሙያና ቴክኒክ ልጁ ለሥራ ክብር እንዲኖረው፣ ዝንባሌውንም ቀድሞ እንዲለይ ያግዘዋል። አገር በቀል ዕውቀትም በየትምህርቱ ውስጥ ቦታ እንዲኖረው ታስቧል።

ይህ አስተሳሰብ በእኛ ሀገር ብቻ የታየ አይደለም። መነሻው ጄኔቫ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የባካሎሬት ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ከ11 እስከ 16 ዓመት ላሉ ታዳጊዎች የመካከለኛ ዓመታት መርሐ ግብር ጀምሯል። መርሐ ግብሩ ስምንት የትምህርት ዘርፎች አሉት፤ ሁለት የቋንቋ ዘርፎች፣ የማኅበረሰብ ጥናት፣ ሳይንስ፣ ሒሳብ፣ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እንዲሁም የንድፍ ሥራ ናቸው። ተማሪዎቹ አንድን ጉዳይ በበርካታ ትምህርቶች ዓይን እንዲያዩት፣ የአካባቢያቸውን ችግር ከዓለም ጉዳይ ጋር እንዲያገናኙትና ለማኅበረሰባቸው የሚጠቅም ሥራ እንዲሠሩ ይጠበቃል።

ይህ መርሐ ግብር ክፍያ የሚጠይቅና ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ብቻ የሚደርስ ነው። ሐሳቡ ግን ዋጋ አይጠየቅበትም። በሀብሩ ወረዳ ያለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በማሳ ላይ በበቀለ አረም ሊጀምረው ይችላል።

አቀንጭራ እንደ መማሪያ

በሀብሩና በቆቦ ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላ የሚዘራ አርሶ አደር አቀንጭራን ያውቀዋል። አበባው ያማረ ነው፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ምግቡንና ውኃውን ይመጠምጣል። አንዱ አቀንጭራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

አጠቃላይ ሳይንስ ጥገኛ ተክል እንዴት እንደሚኖር ያስረዳል። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ሒሳብ ጉዳቱን ይቆጥራል፤ ለስሌት ያህል አንዱ አረም 50 ሺህ ዘር ቢያፈራ፣ አሥር አረም ሳይነቀል የቀረበት ማሳ ግማሽ ሚሊዮን ዘር ተቀበለ ማለት ነው። አበባው ዘር ሳይዝ መንቀል ለምን እንደሚሻል ልጁ በራሱ እጅ አስልቶ ይረዳዋል። የዜግነት ትምህርት ደግሞ አንዱ አርሞ ጎረቤቱ ቢተወው ዘሩ በነፋስና በጎርፍ ተመልሶ እንደሚመጣ አንሥቶ ስለ ጋራ ኃላፊነት ያወያያል። ሙያና ቴክኒክ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ሁለት መደብ አዘጋጅቶ፣ አንዱን በፍግና ከጥራጥሬ ጋር በማሰባጠር፣ ሌላውን እንዲሁ በመተው ያነጻጽራል። የክወና ጥበብ ይህንኑ በአጭር ተውኔት ለገበያ ቀን ሕዝብ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ዓለም ይከተላል። አቀንጭራ በሱዳን፣ በኬንያ፣ በማሊና በናይጄሪያም የገበሬ ጠላት ነው። ይህን ጠላት የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ በማውጣት የታወቁት ሳይንቲስት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። በምዕራብ ሸዋ በሣር ክዳን ጎጆ ተወልደው፣ በልጅነታቸው እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት ሄደው ዓርብ ይመለሱ ነበር። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱት ምርምር እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከምርምሩ የተገኙ ሁለት ዝርያዎች በሀገራችን «ጎብዬ» እና «አብሽር» ተብለዋል። ጎብዬ በወልድያና በቆቦ መካከል ያለችው ከተማ ስም ነው፤ አብሽር የሚለውን ቃል ለወሎ ሰው መተርጎም አያስፈልግም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ልጁ ዓለምን ለማወቅ ከቀበሌው መሸሽ እንደማያስፈልገው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

እንቅፋቶቹ

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም መሬት ላይ ሲወርድ ይከብዳል። መብራትና ኮምፒውተር በሌለበት ክፍል ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ይሰጣል። በባዮሎጂ ወይም በፊዚክስ ብቻ የሠለጠነ መምህር ሦስቱንም አጣምሮ እንዲያስተምር ይጠበቃል። በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶች ወንበርና ቤተ ሙከራ ገና አላሟሉም። በላዩ ላይ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ። በጽሑፍ የሚሰጥ ፈተና በእጅ የተሠራንና በምግባር የታየን ለመመዘን ይቸግረዋል፤ ስለዚህ መምህሩም ወላጁም «ለፈተና የማይመጣ» የተባለውን ወደ ጎን የመተው ዝንባሌ አላቸው። ያኔ ሁለንተናዊ የተባለው ትምህርት በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ብቻ ይቀራል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

የጎደለው ሁሉ በወላጅ ጥረት አይሞላም፤ መጽሐፍ፣ ሥልጠናና ኮምፒውተር ማቅረብ የትምህርት ተቋማት ሥራ ነው። ለተግባር ትምህርት የሚሆን ወርክሾፕ ግን በየመንደሩ አለ። የአናጢው ቤት፣ የብረት በያጁ ሱቅ፣ የሸማኔው ጉድጓድ፣ የመስኖ ቦዩና የማንጎው ማሳ ለአንድ ሰዓት ልጆችን ቢያስተናግዱ የሙያ ትምህርቱ ሕይወት ያገኛል። በመርሳ የግብርና ኮሌጅ፣ በሲሪንቃ የምርምር ማዕከል መኖሩ ሌላው አካባቢ ያላገኘው ዕድል ነው። ጥያቄውን በወላጅ መምህር ኅብረትና በቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በኩል ማቅረብ ይቻላል።

በቤት ውስጥም ልጁን «ስንት አመጣህ?» ከማለት ጋር «ምን ሠራህ? አሳየኝ» ማለት ይገባል። የተከታታይ ምዘና ውጤቱን በየወሰነ ትምህርቱ መጠየቅ፣ በመኸርና በአጨዳ ወራት ከክፍል እንዳይቀር ማድረግ፣ ሴት ልጅ ከ18 ዓመት በፊት እንዳትዳር ሕጉን ማክበር ከመጽሐፍ እጥረት ጋር የማይያያዙ፣ ዛሬውኑ በወላጅ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ ዓመታት አጭር ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ ትምህርት ቤቱን የተወ ልጅ ወደ 9ኛ ክፍል የሚያደርሰውን መንገድ መልሶ ለማግኘት እጅግ ይቸገራል።