ጀበናው ለምን ከበደ? የእጅ መገጣጠሚያ ሕመምና የማንሻ ሕግ

ከጥቂት ጊዜ በፊት እናታችን ጀበናቸውን ለጎረቤት ልጅ አስረከቡ። ከአርባ ዓመታት በላይ ለቤተሰቡም ለጎረቤቱም ቡና ሲቀዱ የኖሩ እናት፣ «ልጆቹ ይልመዱት ብዬ ነው» አሉ እንጂ ምክንያቱን አልተናገሩም። በማግስቱ የበርበሬ ጠርሙስ ክዳን ለመክፈት ሲታገሉ ስናይ ግን ነገሩ ገባን። የአውራ ጣታቸው ሥር አብጧል፤ ጀበናውን ማንሳት ሥቃይ ሆኖባቸዋል።

በአገራችን እንዲህ ያለው ሕመም «ቁርጥማት ነው»፣ «ሪህ ነው» እየተባለ የእርጅና ዕጣ ተደርጎ ይታለፋል። በሕክምና አጠራሩ አርትራይተስ የሚባለው ይህ ሕመም የሐኪም ጉዳይ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ሥራን የሚያከብደው ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ የምንገለገልባቸው ዕቃዎች ቅርጽና የአያያዛችን ሁኔታም ድርሻ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ፣ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቃቸው ጥቂት የፊዚክስ ሕጎች ለታመመ እጅ ምን ያህል ዕረፍት ሊሰጡ እንደሚችሉ ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ሕመሙን እንወቅ

እጅን ከሚያጠቁት የአርትራይተስ ዓይነቶች ሁለቱ በብዛት ይታያሉ። ኦስቲዮአርትራይተስ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ሲሆን፣ በተለይ የአውራ ጣትን ሥርና የጣቶችን ጫፍ አንጓዎች ያጠቃል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያዎች ሲያጠቃ የሚከሰት ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እጆች በአንድነት ይይዛል፤ ጠዋት ጠዋትም ጣቶች ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደተገተሩ ይቆያሉ። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በጊዜ ካልታከመ መገጣጠሚያውን እስከ መጨረሻው ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ምልክቱ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ሊመረመር ይገባል። እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም፣ ሲዘወተር አጥንትን ያሳሳል፤ የደም ስኳርንና የደም ግፊትንም ሊጨምር ይችላል።

አውራ ጣት እንደ ማንሻ

በርን ከእጀታው በኩል ሳይሆን ከማጠፊያው አጠገብ ለመግፋት የሞከረ ሰው፣ ከማዞሪያው ነጥብ በቀረብን መጠን ብዙ ኃይል እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ጣቶቻችንን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች የሚያልፉት ልክ እንደዚሁ ከመገጣጠሚያው እጅግ ቀርበው ነው። በመሆኑም በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ጫፍ አንድ ነገር በ1 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ስንቆነጥጥ፣ በአውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ወደ 12 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጭነት ይሸከማል። መርፌ መያዝ፣ ቁልፍ ማዞርና ጠመኔ ጨብጦ መጻፍ ቀላል መስለው የሚያሳምሙት ስለዚህ ነው።

አሁን የጠርሙሱን ክዳን እናስላ። ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ለመክፈት የሚያስፈልገው የማዞር ኃይልም 2.1 ኒውተን ሜትር ነው እንበል። ከመሐል እስከ ጠርዝ 3.5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በጠርዙ ላይ 60 ኒውተን ያስፈልገናል። ክዳኑ እንዳያዳልጥ የሚይዘው ሰበቃ ነው። እጃችን እርጥብ ሆኖ የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን ክዳኑን በ200 ኒውተን መጨበጥ ግድ ይለናል። በመካከል ቁራጭ ላስቲክ አስገብተን መጠኑ 0.9 ቢደርስ ግን 67 ኒውተን ገደማ ይበቃል። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ የእጅን ልፋት በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ ማለት ነው። ጠርሙሱን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ፣ ክዳኑን በመዳፍ ተጭኖ በሙሉ ክንድ ማዞርም ሥራውን ከጣት ወደ ትከሻ ያሸጋግራል።

በዚሁ መንገድ ሌሎቹን ሥራዎች መመልከት ይቻላል። የበር ቁልፍ ራስ ከመሐሉ ወደ ዳር 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም እንጨት ብናስርበት የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። የታጠበ ልብስ በጣት ከመጭመቅ ይልቅ በቧንቧ ላይ ጠምጥሞ ሁለቱን ጫፎች በክንድ መጎተት ይሻላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ አንድ ጊዜ ከመሸከም፣ በትንንሽ ዕቃ መመላለስ ይመረጣል፤ ቀጭን እጀታውንም በጨርቅ ማወፈር ግፊቱን በመዳፍ ላይ ያሰፋዋል። ከሥራ በኋላ ሕመሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ሥራው በዝቷልና በሚቀጥለው ቀን መቀነስ ያስፈልጋል። እጅን ጨርሶ ማሳረፍ ግን ጡንቻን ስለሚያደክም አይመከርም።

መሣሪያው ሲታረም

በአሜሪካ ሳም ፋርበር የተባለ የወጥ ቤት ዕቃ ነጋዴ፣ አርትራይተስ የያዛቸው ባለቤቱ በቀጭን የብረት መላጫ ሲቸገሩ ተመለከተ። ችግሩን ከባለቤቱ እጅ ይልቅ በመላጫው ላይ ፈለገው። በ1990 እ.ኤ.አ. ኦክሶ በተባለው ድርጅቱ አማካይነት ለገበያ ያቀረባቸው ዕቃዎች ወፍራምና እንደ ላስቲክ የለሰለሰ እጀታ ነበራቸው። ለታመመ እጅ የታሰበው ቅርጽ ለጤነኛውም ተመችቶ ዕቃዎቹ በሰፊው ተሸጡ። የቢላችንን እጀታ በላስቲክ ለማወፈር ግን ፋብሪካ አያስፈልገንም።

ወደ ጀበናው እንመለስ

ቡና የተሞላ ጀበና 2 ኪሎ ግራም ቢመዝንና የክብደቱ መሐል ከእጀታው 10 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በእጅ አንጓ ላይ የሚያርፈው የማዞር ኃይል 2 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ይህም ቅድም ካሰላነው ጠባቂ ክዳን ጋር ይተካከላል፤ ልዩነቱ፣ ጀበና በአንድ ቡና ላይ ደጋግሞ መነሳቱ ነው።

መፍትሔውን ያገኘነው በማቶቱ ላይ ነው። የጀበና ቂጥ ክብ ስለሆነ በማቶቱ ውስጥ እንዳለ ይሽከረከራል። ማቶቱን ጠንካራ በርጩማ ጠርዝ ላይ አስቀምጠን፣ ሲኒዎቹን ከሥሩ ዝቅ አድርገን፣ ጀበናውን ሳናነሳ ማዘንበል ብቻ በቂ ሆነ። ክብደቱን በርጩማው ተሸከመው፤ ለእጅ የቀረው መምራት ብቻ ነው። ሌላው እጅ በታጠፈ ጨርቅ አንገቱን ይደግፋል። ፍል ቡና አደገኛ ስለሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ መለማመድ ይገባል፤ እኛም እንዲሁ አደረግን።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችን አንድ ሥራ በዝምታ የተዉ እናቶችና አባቶች አይጠፉም። ለምን እንደተዉት እንጠይቃቸው፤ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳቸው፤ ከዚያም የዕቃውን እጀታ እንመርምር። እናታችን ባለፈው እሑድ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ራሳቸው ቀድተዋል። የጎረቤቷ ልጅም ቁርስ በማደል ተወስናለች።