አጎቴ፣ በጉና መርፌው

ልጅ እያለሁ ኮላ ድባ ላይ አጎቴን ውሻ ነከሰው። ውሻው ያበደ ነው ተባለ። ጎንደር ዘመድ ቤት አርፎ 14 ቀን በተከታታይ ሆዱ ላይ ተወጋ፤ ማጠናከሪያም ነበረው። ከተመለሰ በኋላ ስለ መርፌው ያልተወራ ነገር የለም። መድኃኒቱ ከምን እንደሚሠራ ግን ማንም አላነሳም።

ከበግ አንጎል ነው። «ፌርሚ» የሚባለውን ይህን ክትባት አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለብዙ ዓመታት አምርቶታል። ቫይረሱ በጉ አንጎል ውስጥ ይወጋል፣ በጉ እስኪታመም ይጠበቃል፣ ከዚያ አንጎሉ ወጥቶ ይፈጭና በፌኖል ይታከማል።

«ለፋሲካ እያረድን ይሄ ምን ያስጨንቃል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው። ግን የፋሲካው በግ በአንድ ቢላ ያልቅለታል፤ ይሄኛው አጎቴ የሸሸው በሽታ ራሱ ተሰጥቶት ምልክቱ እስኪታይበት ይቆያል።

ያም ሆኖ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን የከተበው ከታመሙ ጥንቸሎች በተወሰደ የደረቀ ኅብለ ሰረሰር ነው፤ ቀድሞም በውሾች ላይ ሞክሮታል። ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረማ! ከበጉና ከአጎቴ ምረጥ ብባል አጎቴን ነው የምመርጠው፤ አላፍርበትም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከእንስሳት አንጎል የሚሠሩ ክትባቶች እንዲቀሩ የመከረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። አንዳንዱን ተከታቢ ለሽባነት ጭምር ይዳርጋሉና። አጎቴ የተወጋው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። የተሻለው ክትባት በዶላር ይገዛ፣ የበጉ እዚሁ ይመረት ነበር። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ሒሳቡ ይገባኛል። የበጉ ስቃይና የተከታቢው አደጋ ሒሳቡ ውስጥ እንደማይገቡም ይገባኛል።

ከአዲሶቹ ክትባቶች አንዱ «ቬሮ» በተባሉ ሴሎች ላይ ይመረታል። ሴሎቹ በ1962 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከጦጣ ኩላሊት ተወስደው እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ይራባሉ። እንስሳ ጨርሶ ቀረ ማለት ግን አይደለም፤ የክትባቱን አቅም ለመለካት አይጦች ሲወጉ ኖረዋል።

ሰሞኑን ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። ሆዱን ዳበስ አደረገና «በግ ነው እንዴ?» አለኝ።