የፕላዝማው ጠርዝና የኤሌክትሪክ ፕሮብ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ቶካማክ በተባለው የኑክሌር ውህደት ማሽን እምብርት የሃይድሮጅን ፕላዝማ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። እዚያ ገብቶ የሚተርፍ ብረት የለም። ወደ ግድግዳው ሲጠጉ ግን ሙቀቱ ወደ መቶ ሺዎችና አስር ሺዎች ዲግሪ ይወርዳል፤ ፕላዝማውም ይሳሳል። የማሽኑ ዕድሜ የሚወሰነው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። ከእምብርቱ ያመለጠው ሙቀት በመግነጢሳዊ መስክ እየተመራ፣ ስፋቱ በሚሊሜትር በሚለካ ስስ ንብርብር አልፎ፣ ዳይቨርተር በሚባለው ክፍል ላይ ያርፋል። በደቡብ ፈረንሳይ እየተገነባ ያለው የኢተር ቶካማክ ዳይቨርተር በካሬ ሜትር 10 ሜጋዋት ያህል ሙቀት እንዲችል የተነደፈ ነው። ይህን ሙቀት ለመግራት ጠርዙን ነጥብ በነጥብ ማወቅ ግድ ይላል። ለዚህ ከሚውሉት መሣሪያዎች ቀላሉና አንጋፋው የኤሌክትሪክ ፕሮብ ነው።

አነሳሱና አሠራሩ

የፕሮብን ንድፈ ሐሳብ ያቆመው በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነው። ከሃሮልድ ሞት-ስሚዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ መሠረት ነው፤ መሣሪያውም በስሙ ላንግሚዩር ፕሮብ ይባላል።

ፕሮቡ ከተንግስተን ወይም ከግራፋይት የተሠራ፣ ጫፉ ብቻ ለፕላዝማው የተጋለጠ ትንሽ ዘንግ ነው። ቮልቴጁ ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ እየተቀየረ የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ ፍሰት ይመዘገባል። ቮልቴጁ እጅግ ኔጌቲቭ ሲሆን ኤሌክትሮኖች ይገፋሉ፤ ዘንጉ ላይ የሚደርሱት አዮኖች ብቻ ናቸው፤ ፍሰቱም አንድ መጠን ላይ ይረጋል። ከዚህ መጠን የፕላዝማው ጥግግት ይሰላል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል መጀመሪያ ፈጣኖቹ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ኤሌክትሮኖች ይደርሳሉ። ቮልቴጁ በ10 ቮልት ሲጨምር የኤሌክትሮኖቹ ፍሰት 2.7 እጥፍ ገደማ ካደገ፣ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት 10 ኤሌክትሮን ቮልት ማለትም 116,000 ዲግሪ ያህል ነው። አንድ ግራፍ ጥግግትንም ሙቀትንም ይናገራል።

ከምንም ጋር ያልተገናኘ ብረት ፕላዝማ ውስጥ ቢገባ ቀላልና ፈጣን የሆኑት ኤሌክትሮኖች ቀድመው ስለሚደርሱ ኔጌቲቭ ይሆናል። የኤሌክትሮኖችና የአዮኖች ፍሰት ሲስተካከል የሚቆምበት ቮልቴጅ ተንሳፋፊ ቮልቴጅ ይባላል። ይህ ቮልቴጅ በሃይድሮጅን ፕላዝማ ከፕላዝማው ቮልቴጅ የሚያንሰው በኤሌክትሮን ቮልት በተለካው የኤሌክትሮን ሙቀት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

የፕሮብ ዓይነቶች

ሦስት ጫፍ ያለው ፕሮብ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ቼንና ሴኪጉቺ ያቀረቡት፣ ቮልቴጁን መቀያየር ሳያስፈልግ ሙቀትን በየቅጽበቱ ያነባል። ማክ ፕሮብ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች የሚደርሱትን አዮኖች አወዳድሮ ፕላዝማው ወዴት እንደሚፈስ ያሳያል። በፕራግ የተፈጠረው የቦል-ፔን ፕሮብ ደግሞ ብረቱን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቱቦ ውስጥ ይደብቃል። ኤሌክትሮኖች በመግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ የሚሠሩት ክብ ጠባብ በመሆኑ አብዛኞቹ ወደ ውስጥ አይደርሱም፤ የኤሌክትሮኖቹ ብልጫ ሲቀንስም ዘንጉ ለፕላዝማው ቮልቴጅ የቀረበ ንባብ ይሰጣል።

በአቀማመጥም ይለያያሉ። አንዳንዶቹ በዳይቨርተር ንጣፍ ውስጥ ተቀብረው ይኖራሉ። ሌሎቹ ከግድግዳው ተወርውረው በሰከንድ ክፍልፋይ ገብተው ይወጣሉ፤ ከዚያ በላይ ቢቆዩ ይቀልጣሉ ወይም ፕላዝማውን ይበክላሉ።

ያስገኙት ዕውቀት

ፕሮብ በሚሊዮንኛ ሰከንድ ደረጃ የሚከሰተውን ለውጥ መከታተል ስለሚችል የጠርዙን ሁከት ገልጧል። ቅንጣቶች ከጠርዙ የሚያመልጡት በዝግታና በእኩል ፍሰት ብቻ አይደለም፤ ጥቅጥቅ ያሉ የፕላዝማ ቁራጮች እየተገነጠሉ ወደ ግድግዳው ይወነጨፋሉ። በሳን ዲዬጎው ዲ3-ዲ ቶካማክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የፕሮብ ጥናት ይህን በጉልህ ካሳዩት አንዱ ነው። ግድግዳው ለምን ከተጠበቀው በላይ እንደሚመታ ከዚህ እንረዳለን።

ጥንቃቄ የሚሻው ንባብ

የፕሮብ ጥንካሬ ፕላዝማውን መንካቱ ነው፤ ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያስር የግራፉ ፖዘቲቭ ወገን አያስተማምንም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች በኔጌቲቩ ወገን ላይ ይደገፋሉ። መስኩ በንጣፉ ላይ በጣም አጋድሎ ሲያርፍ ፍሰቱን የሚሰበስበው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ መወሰን ይከብዳል። የዳይቨርተሩ ፕላዝማ ወደ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ሲቀዘቅዝም ፕሮቡ ሙቀቱን ከእውነተኛው አብልጦ ሊያነብ ይችላል። ለዚህ ነው ውጤቱ በሌዘር ከሚሠራው የቶምሰን ብተና ልኬት ጋር መወዳደር ያለበት። ግራፉን በቀመር ብቻ ተርጉሞ ማለፍ ስህተትን ዕውቀት ያስመስላል።

ወደፊት

ኃይል አመንጪ የውህደት ጣቢያዎች ሲተከሉ የኒውትሮን ጨረር የፕሮቦችን የኤሌክትሪክ ማገጃ ስለሚጎዳ አገልግሎታቸው መጥበቡ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሚታመንባቸው የኮምፒውተር ስሌቶች ዛሬ በፕሮብ መፈተን አለባቸው። ሥራው የትልልቅ ማሽኖች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞስኮ ውስጥ የተሠራውና ዛሬ በፕራግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ትንሹ ጎሌም ቶካማክ በሌላ አገር ያሉ ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚያዙት ነው። የእኛም የፊዚክስ ክፍሎች ሊጠቀሙበት ይገባል፤ ስለ ፕላዝማ ለሚማር ሰው የራሱን ግራፍ አውጥቶ እንደመጠየቅና እንደመጠራጠር ያለ ትምህርት የለም።