ከቅዱሳኑ ኋላ ያለው መሬት

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በአንድ ወገን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጮቄን ተራራ ያያል፤ በሌላው ወገን አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በመካከሉ የጤፍ ማሳ ተዘርግቷል። ሆኖም የድሮው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ተራራና ሜዳን ለብቻው አይሥልም ነበር። መሬት ወደ ሥዕሉ የሚገባው ከቅዱሳኑ ኋላ ሆኖ ነው።

አገባቡ ግን እንደየዘመኑ ይለያያል። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ጀርባውን ልሙጥ ቀለም ይቀባዋል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው ደግሞ ቀለምን ከቀለም ያዋህዳል፤ ቢጫው ቀስ እያለ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ጎጃም በዚያን ጊዜ ለጎንደር ቤተ መንግሥት ሩቅ አልነበረም። የሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት የእቴጌዪቱ ልጅ ወለተ እስራኤል ናቸው።

በቢቸና አጠገብ ያለው ዲማም የጊዮርጊስ ደብር ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልቦለድ ለብዙ አንባቢ ያስተዋወቀው ዲማ። ስለዚህ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እንመልከት። ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ይወጋል፤ ከዘንዶው የሚያድናት ልጅ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ታያለች። ዛፉ ግንዱ፣ ቅርንጫፉና ጥቂት ቅጠሉ ብቻ ነው፤ ልጅቷ መቀመጫ ስለሚያስፈልጋት ተሣለ። ለእኔ ከአገራችን የዛፍ ሥዕሎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ አንዲት መስመር እንኳ ያለ ሥራ አልገባችበትም።

እንዲህ ያለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአብዛኛው የሚሣለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከውጭ የመጣው ሰማያዊ ቀለም ሲገባ የሥዕሉ ሰማይ ደመቀ።

መልክዐ ምድር ራሱን ችሎ የቆመው በዘመናዊው ሥዕል ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ መንገድ አሳየ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ቅርጹን ትቶ ቀለሙን ብቻ ያስቀረባቸው ሥዕሎች አሉት። ለማ ጉያ በበኩሉ የአገሩን ሰውና መሬት በፍየል ቆዳ ላይ እንደሚታየው ሣለ።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው፤ መካከሉን የቆረጡት በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ናቸው። የቢቸናና የሞጣ የሥዕል መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን እርሳስና ወረቀት አስይዛችሁ ወደዚያ ውሰዷቸው፤ መሬቱን ራሱን ይሣሉ።