የሆላንድ የኅትመት ሥዕሎችና የቀድሞው ዘመን ናፍቆት

በ19ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ አገር የታተሙትን ሥዕሎች የሚያገላብጥ ተመራማሪ፣ በብዙዎቹ ላይ የሚያያቸው ሰዎች የሥዕሎቹ ዘመን ሰዎች እንዳልሆኑ ያስተውላል። ሰፊ ባርኔጣ የደፉ፣ ነጭ የአንገት ልብስ ያደረጉ፣ ጎራዴ የታጠቁ የ17ኛው መቶ ዓመት ሰዎች ናቸው። ለዚህም ምክንያት አለው። በ1830 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቤልጂክ ከተለየች በኋላ የቀረው ትንሽ መንግሥት፣ የክብሩን ማስረጃ ሬምብራንት (1606–1669) በኖረበትና መርከቦቹ በየባሕሩ በተመላለሱበት ዘመን ፈለገ። በ1852 በአምስተርዳም የሬምብራንት ሐውልት የቆመው በዚሁ መንፈስ ነበር።

ሐውልት በአንድ አደባባይ ይቆማል፤ የታተመ ሥዕል ግን በየቤቱ ይገባል። ዮሐን ቪልሄልም ካይዘር (1813–1900) የሬምብራንትን «የሌሊት ዘብ»፣ እንዲሁም ቫን ደር ሄልስት ስለ 1648ቱ የሙንስተር ሰላም የሣለውን የከተማ ዘበኞች ግብዣ በሰሌዳ ቀርጾ አሳተመ። ቻርልስ ሮኹሰን (1814–1894) ደግሞ የአባቶችን ታሪክ ራሱ እያሰበ ይሥል ነበር። መጽሐፍ ሻጩ ፍሬድሪክ ሙለርም የአገሩን ታሪክ የሚያሳዩ ሥዕሎችን ሰብስቦ ዝርዝራቸውን ከ1863 ጀምሮ አሳተመ፤ ስብስቡ በ1881 ወደ አምስተርዳሙ የመንግሥት ቤተ መዘክር ገባ።

ስለ ሕዝብ ልማድ ለሚያጠና ሰው ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ቢንግና ብራት ፎን ኢበርፌልት በ1857 ያወጡት፣ በድንጋይ ኅትመት የተሠራው የሆላንድ አልባሳት መጽሐፍ፣ ሥዕሎቹ ከሕይወት የተወሰዱ መሆናቸውን በአርእስቱ ላይ ይናገራል። ስለ እያንዳንዱ ልብስ የሚሰጠው ምስክርነት ዋጋ አለው። ነገር ግን በብዛት የተመረጡት አሮጌው ልብስ ገና ያልጠፋባቸው የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደሮች ናቸው፤ በከተማ ልብስ ሰፊ የሚሰፋው ኮት ቦታ አላገኘም ማለት ይቻላል። ናፍቆቱ ያለው በአሣሣሉ ሳይሆን በምርጫው ነው።

በአንጻሩ ልብሱ ያረጀ ሥዕል ሁሉ የናፍቆት ልጅ አይደለም። ለልጆች በሳንቲም ይሸጡ በነበሩት ሉሆች ላይ አታሚዎች ከ17ኛውና ከ18ኛው መቶ ዓመት የተረፉ የእንጨት ሰሌዳዎችን ደጋግመው ያትሙ ነበር፤ አዲስ ማስቀረጽ ገንዘብ ይጠይቃልና። ባል ልብስ የሚያጥብበት፣ ሚስት ሱሪ የምትታጠቅበት የ«ያን አጣቢው» ቀልድ በዚህ መንገድ ለብዙ ትውልድ ደረሰ። የገዛው ልጅ የሳቀው በባልና በሚስቱ እንጂ የአያቶቹን ዘመን ናፍቆ አልነበረም። ሁለቱን ለመለየት ከልብሱ ይልቅ ሰሌዳውን መመልከት ይረዳል፤ ነቀዝ የበላው እንጨት በኅትመቱ ላይ ትናንሽ ነጭ ነጥቦችን ይተዋል፣ የዳር መስመሩም እዚህም እዚያም ይቆራረጣል። እንዲህ ያለ ሉህ በ1830 ቢታተም እንኳ፣ በላዩ ያለው ቀሚስ የሚመሰክረው ሰሌዳው ስለ ተቀረጸበት ዘመን ነው።